ዘጠኝ ጊዜ የሰጠመው ሞተር

በስካላሪ ወደብ «ቶንካ ሰው ከመውደዷ በፊት ሞተር ወደደች» ይላሉ። ሐሜት ነው፣ ግን ውሸት አይደለም። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ባሕር ላይ ያረጁትን ሁሉ እንደሚጠሯቸው «ባርባ» እየተባሉ ከሚጠሩት ከአባቷ ከሽፒሮ ጋር ትሠራለች፤ በመርከብ ማቆሚያው ጥግ ባለችው ጋራዥ ውስጥ ያልፈታችው የጀልባ ሞተር የለም። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ሴቶቹ ጥፍሯ ሥር የተጋገረውን ግራሶ አይተው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እሷ ደንታም የላትም። የእሷ ሕመም ሌላ ነው፤ የአንድ ነገር ምክንያቱ ካልገባት እህል አይወርድላትም።

በዚህ በጋ ምክንያቱ ያልገባት ነገር በየሰኞው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ ደጇ ላይ ይቆም ነበር።

ነገሩ የኒክሻ ጄት ስኪ ነው፤ እንደ ሞተር ብስክሌት ባሕር ላይ የሚነዳ ማሽን። ኒክሻ የሾራ ዶሎሬስ፣ የእመቤት ዶሎሬስ፣ አንድ ልጅ ነው። ሾራ ዶሎሬስ ደግሞ የትልቁ ሆቴል ባለቤት፣ የመርከብ ማቆሚያውንም ከዳር እስከ ዳር የተከራዩት እመቤት ናቸው፤ የባርባ ሽፒሮ ጋራዥ ሳይቀር የቆመችው በእሳቸው ፈቃድ ነው። ኒክሻ እሑድ እሑድ በሆቴሉ ፊት ለፊት ለእንግዶች ትርኢት ያሳያል። ቆሞ የሚነዳውን ጄት ስኪ አክንፎ አክንፎ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፍቀዋል፣ ባሕሩም ሰውየውን ከነማሽኑ ይውጠዋል። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ይቆጥራል። ከዚያ ኒክሻ ማንም ካልጠበቀው ቦታ ውሃውን ሰንጥቆ ብቅ ይላል። በዚያ ዳርቻ እንደ እሱ አድርጎ የሚጠልቅ የለም።

ታዲያ ይህ የጥልቀት ንጉሥ በየሰኞው ፀጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ጄት ስኪውን በጋሪ እየጎተተ ይመጣል።

«ደግሞ ሰጠመ?» ትለዋለች።

«ደግሞ።»

«ሞተሪኖውን ነካኸው?»

«አልነካሁትም። እጄን ትቆርጪዋለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ይህን ያስተማረችው የመጀመሪያው ሰኞ ላይ ነበር። አየር ይጨመቃል፣ ውሃ ግን አይጨመቅም። ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ተኝቶ ሳለ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከተነካ ፒስተኑ ግድግዳ እንደመታ ይሆናል፣ ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ፣ ቢየላው፣ ይጣመማል፣ ሞተሩም አለቀለት። ስለዚህ መጀመሪያ እሳት የሚረጩት ሁለቱ ካንዴላዎች ይፈታሉ። ማሽኑ ይዘቀዘቃል። ከዚያ ብቻ ነው ሞተሪኖ የሚነካው፤ ያኔ ውሃው በካንዴላዎቹ ቀዳዳ እየተፈናጠረ ይወጣል። ቶንካ ሁልጊዜ «ዞር በል» ትለዋለች፣ ኒክሻ ሁልጊዜ ውሃው የሚደርስበት ቦታ ላይ ይቆማል። ፊቱን ሲመታው ይስቃል። እሷም እንዳትስቅ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሞተሩ ላይ ታስጠጋለች፤ የሞተሩን ድምፅ ለመስማት ነው። ቀና ስትል ግን ዓይኑ እዚያው፣ ጆሮዋ ከነበረበት ቦታ ላይ ይጠብቃታል።

«ታዲያ የሚገድለው ውሃው ነው?» ብሎ ጠየቃት አንድ ሰኞ።

«ውሃማ አይገድለውም። እንደውም ወዲያው ልትሠራው ካልቻልክ በንጹህ ውሃ በርሜል ውስጥ ዘፍቀህ ተወው። የሚገድለው ከጨው ውሃ ወጥቶ አየር ላይ ዝም ሲባል ነው። አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ጠዋት ብትከፍተው ዝገት ብቻ።»

«ዝም ሲባል» አለ ኒክሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

ባርባ ሽፒሮ ከጋራዡ ጥግ ሆነው፣ ሰላምታውን እንኳ ያልመለሱለት ሰውዬ፣ ለግድግዳው የሚናገሩ መስለው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» አሉ። የሆቴሉን ሰዎች አይወዱም። መረብ ይሰጣበት የነበረው ሜዳ ዛሬ በሆቴሉ ጥላዎች ተሞልቷል፤ ባርባ ሽፒሮ ይህን አልረሱም። ልጃቸው ግን ያን ቀን የቆስጣና ድንች ምሳዋን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለኒክሻ ሰጠች። ለምን እንደከፈለች ሲጠይቋት «ብዙ ነበር» አለች፣ ራሷም አላመነችውም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ቶንካን ሁለት ነገሮች አላስቀምጥ አሏት።

አንደኛ፣ ሞተር ከውሃ በታች የሚተነፍሰው በማሽኑ ሆድ ውስጥ ተዘግቶ የቀረውን አየር ነው። ለአራት ቁጥር በደንብ ይበቃዋል። ሌሎቹም ልጆች ይጠልቃሉ፣ ከኒክሻ በባሰ ይገለባበጣሉ፣ የአንዱም ሞተር አይሰጥምበትም። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው። ትርኢቱ እሑድ ነው፤ ኒክሻ ሰጠመብኝ የሚለው ከትርኢቱ በኋላ ለብቻው ሲጠልቅ ነው፣ የሚመጣው ግን ሰኞ ነው። እሑድ የሰጠመ ሞተር ሰኞ ጠዋት መዛግ ነበረበት። ይህ ግን ሲከፈት እንደ መስታወት ያበራል። ጨው አለው፣ እርጥበት አለው፣ ዝገት ግን ጠብ የለም። «እንዴት ሆኖ?» እያለች አልጋዋ ላይ ትገላበጣለች። ስለ ሞተሩ እያሰበች እንደሆነ ለራሷ ትነግራለች።

በሰባተኛው ሰኞ የማሽኑን ሆድ ውስጡን ሁሉ በጠመኔ ዱቄት ቀብታ ሰጠችው። በስምንተኛው ሲመለስ ውሃው በጠመኔው ላይ መንገዱን ጽፎላት ነበር። ቀጭን መስመር፣ ከአየር ቱቦው መገጣጠሚያ ጀምሮ። ቱቦውን አንቆ የሚይዘው ብረት ቀለበት ላልቷል። አጠበቀችው። ከዚያ ወደ ሱቅ ወርዳ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዛች።

ባለሱቋ የቀለሙን ጠርሙስ እንደያዘች አልለቅ አለች። «በመጨረሻ ቶንካ! ማነው እሱ?»

«ብሎን ነው።»

«ይሁን እስቲ፣ ሁሉም ወንድ መጀመሪያ እንደዚያ ነው» አለች ባለሱቋ።

ቶንካ በቀለበቱ ብሎን ላይ፣ ከራሱ እስከ ጎኑ፣ አንዲት ቀይ መስመር ቀባች። ብሎኑ በራሱ ንቅንቅታ ቢላላ መስመሩ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ሰው ካቻቢቴ ይዞ ከፈታው ግን መስመሩ ይሰበራል፣ የብሎኑም አናት ይጫራል። ያን ሳምንት ሰኞ እንዲደርስ የናፈቀችውን ያህል ምንም ነገር ናፍቃ አታውቅም፤ መልሱን ይሁን ጠያቂውን፣ እዚያ ላይ አልመረመረችም።

ዘጠነኛው ሰኞ በዩጎ መጣ።

ዩጎ ከደቡብ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ነው። ሰማዩ ጣሪያ ላይ ይተኛል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ ሰው ሁሉ ራሱን ያመዋል። ባልና ሚስት በጨው ይጣላሉ። በስካላሪ ታዲያ የቆየ ልማድ አለ፤ በዩጎ የተነገረ ቃል አይያዝም። ጥንት ሽማግሌዎቹ ዩጎ ሲነፍስ ፍርድ አይሰጡም ነበር ይባላል። ዛሬም ሁለት ሰው ቡና ቤት ቢሰዳደብ ሦስተኛው «ተዉት፣ ዩጎ ነው» ይላል፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል።

ቶንካ ካንዴላዎቹን ፈታች፣ ውሃውን አስወጣች፣ ዘይት ጠብ አደረገች፣ ካንዴላዎቹን መልሳ ገጠመች። ከዚያ የእጅ ባትሪዋን ወደ ቀለበቱ አበራች። ቀይዋ መስመር ተሰብራለች። የብሎኑ አናት ላይ አዲስ ጭረት ያበራል። 

በዚያው ቅጽበት ባርባ ሽፒሮ ወረቀት ይዘው ገቡ። የሆቴሉ ሠራተኛ አሁን ነው ያደረሰው። ፊታቸው አመድ መስሏል። «አንብቢው» አሉ። ደብዳቤው አጭር ነበር። «በጋራዥዎ የተጠገነው የልጄ የኒክሻ ማሽን ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ በተደጋጋሚ ስለሰጠመ፣ ሕይወቱም ለአደጋ ስለተጋለጠ፣ ከበጋው ማብቂያ በኋላ ቦታውን እንዲለቁ አስታውቃለሁ።» ከሥሩ የሾራ ዶሎሬስ ፊርማ አለ፤ የተጻፈውም በዚያው ዕለት ጠዋት ነው።

ኒክሻ በር ላይ ቆሟል። እንደ ልማዱ ውሃው ሊመታው የሚችልበት ቦታ ላይ።

«ይህን ብሎን ማን ፈታው?» አለችው።

ከብሎኑ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ አባቷ አየ። «እኔ።»

«ዘጠኙንም ጊዜ?»

«የመጀመሪያው ራሱ ነው የሰጠመው። ስምንቱን እኔ።»

«ለምን?»

አፉን ከፈተ። ባርባ ሽፒሮ እጃቸውን አጣምረው እየጠበቁት ነበር። ኒክሻ ቀላ፣ ከዚያም አፉን ዘጋ። ባሕር የማያስፈራው ሰው አንዲት ቃል አስፈራችው።

«ለምንማ ይኸው» አሉ ባርባ ሽፒሮ፣ ደብዳቤውን ዘርግተውለት። «እናትህ አሳምረው ጽፈውታል።»

አነበበው። የፊቱ ደም ሸሸ። «ይህን አላየሁትም» አለ። «ቶንካ፣ በእግዚአብሔር፣ ይህን አላየሁትም።»

«ፊርማውን አታውቀውም?»

«አውቀዋለሁ። ግን እኔ...»

«አባቴን ከዚህ ለማስነሳት ምክንያት ስትሠሩ ከርማችኋል» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆረጠ። «አንተ ደግሞ እዚህ ተቀምጠህ ምሳዬን በላህ። ሞተር ምን እንደሚገድለው ጠየቅከኝ፤ እኔም አስተማርኩህ።» የማሽኑን ክዳን ጓ አድርጋ ዘጋችው። «ውሰድልኝ። ሰኞም አትምጣ፣ ሌላም ቀን አትምጣ።»

ጋሪው ድንጋዩ ላይ እየተንገጫገጨ ሲርቅ ባርባ ሽፒሮ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ «የኔ ልጅ» አሉ በቀስታ፣ «እኔም ተናድጃለሁ። ቢሆንም ያልሽውን አልሰማሁም። ዩጎ ነው።» ቶንካ ካንዴላ መፍቻውን በጨርቅ ትወለውል ጀመር፤ የተወለወለውን ደግማ ደጋግማ፣ ዕንባዋ እየወረደበት።

ማክሰኞ ጠዋት በጋራዡ በር ሥር የታጠፈ ወረቀት ተገኘ። በላዩ «ለቶንካ» ይላል። ልትከፍተው ስትል አባቷ ከእጇ ወስደው ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ሰኩት።

«በዩጎ ደብዳቤ አይነበብም። መጥፎው እጥፍ ሆኖ ነው የሚነበበው።»

«አባዬ፣ ልሞት ነው።»

«ሞተሽ አታውቂም። ነፋሱ ይዙር።»

ነፋሱ አልዞረም። ረቡዕ ዩጎ፣ ሐሙስ ዩጎ፣ ዓርብም ዩጎ። ይህችን ልጅ የምታውቋት ቢሆን ኖሮ ታዝኑላት ነበር። የዓለምን ብሎን ሁሉ ፈትታ ውስጡን ካላየች የማታርፍ ሴት፣ በአንድ ምስማር ላይ የተሰቀለ ወረቀት አራት ቀን ሙሉ እያየች ዋለች። በብርሃን አሻግራ አየችው። ክብደቱን በመዳፏ መዘነችው። ሁለት ገጽ ይሆናል ብላ ገመተች። ሁለት ገጽ ሙሉ ውሸት ይጻፋል ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች። እሱን መጥላት ፈለገች፣ ግን ውሃ ፊቱን ሲመታው የሚስቀው ሳቅ እየመጣ ሥራዋን ያበላሽባት ነበር።

ቅዳሜ የቅዱስ ሮኮ በዓል ነው። ሌሊቱን ቡራ፣ ደረቁ የሰሜን ነፋስ፣ ከተራራው ወርዶ ሰማዩን ጠራርጎት አደረ። ጠዋት ደሴቶቹ እጅ ዘርግተው የሚነኳቸው ያህል ቀረቡ። ባርባ ሽፒሮ ለበዓሉ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ደብዳቤውን ከምስማሩ አውርደው ልጃቸው ፊት አስቀመጡና ወጡ። ያን ሁሉ ቀን የናፈቀችው ወረቀት አሁን አስፈራት። ዙሪያውን ስትሽከረከር፣ የማይጠረግ ስትጠርግ ቀኑ ገሠገሠ። የበዓሉ ማርሽ ባንድ ከመርከብ ማቆሚያው መንፋት ሲጀምር ነው የከፈተችው።

«ቶንካ፣

አባትሽ ፊት ማለት ያልቻልኩትን እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ሰኞ ሞተሩ እውነት ሰጠመ። አንቺ ጆሮሽን አስጠግተሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ አዳመጥሽው። ማንም ሰው ማንንም እንደዚያ ሲያዳምጥ አይቼ አላውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ልመጣ ፈለግኩ፤ ግን በጣም ጥሩ አድርገሽ ስለጠገንሽው የምመጣበት ምክንያት አሳጣሽኝ። አባትሽ ሰላምታዬን አይመልሱም። የሆቴሉ ልጅ ያለ ብልሽት በዚያ በር ምን ሊል ይገባል? ስለዚህ ቀለበቱን አላላሁት። ከዚያ በኋላ ያለብልሽት መምጣት አላወቅኩም።

ሞተሩን ግን ጎድቼው አላውቅም፤ ይህን እመኚኝ። እሑድ ቀለበቱን አጥብቄ በደህና ነው የምጠልቀው። ሰኞ ጠዋት ወደ አንቺ ስመጣ፣ እዚሁ ከማቆሚያው አጠገብ፣ ቀለበቱን አላላና ሞተሩ በዝግታ እየዞረ እያለ ውሃ በትንሹ አስጎነጨዋለሁ። ወዲያው ይጠፋል። ሳይደርቅ አመጣልሻለሁ።

የእናቴን ደብዳቤ ሰኞ ነው ያየሁት። ለእናቴ እውነቱን በሰው ፊት እነግራለሁ። ቅዳሜ በበዓሉ ላይ እጠልቃለሁ፤ ቀለበቱን ሳልነካ፣ አንቺ አጥብቀሽ እንደሰጠሽኝ። ደህና እንደምትጠግኚ ከተማው ሁሉ በዓይኑ ይይ። ከዚያ እናገራለሁ።

ሞተርን የሚገድለው ወጥቶ ዝም ሲባል ነው ብለሽኝ ነበር። እኔን ዝም አትበይኝ።

ኒክሻ»

ቶንካ «ሳይደርቅ» የሚለውን ቃል ደግማ አነበበችው። ስምንት ሳምንት ሙሉ መልሱ እጇ ውስጥ ነበር። ሞተር ሊገድል የፈለገ ሰው አስጥሞ ያሳድረዋል። ይህ ሰው ግን ሞተሩ እንዳይዝግ ብሎ በእርጥቡ እያጣደፈ አመጣላት። ያ የዝገት አለመኖር፣ እንቅልፍ የነሳት ያ ነገር፣ ለካ እንክብካቤ ነበር። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተፈታ። ሳቀች፣ ብቻዋን፣ ጮክ ብላ።

ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። «አንቺ አጥብቀሽ እንደሰጠሽኝ።»

አላጠበቀችውም። ሰኞ ቀይዋን መስመር ተሰብራ አየች፣ ደብዳቤው መጣ፣ ተጣሉ፣ ክዳኑን ጓ አድርጋ ዘጋችው። ቀለበቱ እሱ ፈትቶ እንዳመጣው ነው። ያኔ በዝግታ የሚዞር ሞተር ነበር፤ ዛሬ ግን ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ ነው የሚጠልቀው። በዚያ ፍጥነት ውሃ ከጠጣ ቢየላው ይሰበራል። የሞተ ማሽን ደግሞ ከውሃ በታች ሰው ላይ ሊገለበጥ ይችላል። የካንዴላ መፍቻዋን ቦርሳ ነጥቃ ሮጠች።

መርከብ ማቆሚያው በሰው ተጨናንቋል፤ የሰርዲን ጥብስ ጭስ፣ የሕፃናት ጩኸት። ሾራ ዶሎሬስ ነጭ የሐር ጫማቸውን አድርገው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኒክሻ ባሕሩ መሐል ሲከንፍ ታየ። ቶንካ ከጠርዙ ደርሳ ሁለት እጇን አውለበለበች። «ኒክሻ! አትጥለቅ!» ባንዱ ድምፅዋን ዋጠው።

እሱ ግን አያት። አምስት ቀን ያልታየው ሳቅ ፊቱን ሞላው። እጅ የነሳችው መስሎት እጁን አንስቶ አጸፋውን ሰጣት፤ ጋዙን እስከ መጨረሻው ጨመቀ፣ አፍንጫውን ደፈቀ፣ ጠፋ።

ሰዉ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቶንካ ብቻ አልቆጠረችም። ውሃው ተኝቷል። አምስት ያለ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቶንካ የገዛ ልቧን ድምፅ ስትሰማው እንደማታውቀው ሞተር ሆነባት።

ከዚያ ኒክሻ ወጣ። ማሽኑም ከአጠገቡ ወጣ፣ ግን ድምፅ አልነበረውም። ባንዱም አንድ በአንድ ዝም አለ። ኒክሻ ግራ ተጋብቶ ማሽኑ ላይ ተስቦ ወጣ፣ አውራ ጣቱንም ወደ ሞተሪኖው ቁልፍ ሰደደ።

«አትጫን!» አለች ቶንካ። አሁን ያለ ባንድ፣ ከተማው ሁሉ ሰማት።

አልጠየቀም። እጁን ከቁልፉ አንስቶ ከራሱ በላይ ዘረጋው፣ እንዲሁ እንደዘረጋ ተንሳፍፎ ጠበቀ። ቶንካ ያን የተዘረጋ እጅ አየች፤ ማንም ሰው እንደዚያ አምኗት አያውቅም።

ዓሣ አጥማጆቹ ጎትተው ማሽኑን ድንጋዩ ላይ አወጡት። ሾራ ዶሎሬስ ደንግጠው ከወንበራቸው ተነስተው መጡ። ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ ዳሰሱና ወደ ባርባ ሽፒሮ ዞሩ። «አዩ? የጻፍኩት ይህን ነበር። ልጄን ሊገድሉት ነው።»

ቶንካ ተንበርክካ ካንዴላዎቹን እየፈታች ነበር። «ስትጠልቅ ምን ሰማህ?» አለችው ቀና ሳትል።

«ድምፁ ወፈረ። የታነቀ መሰለኝ። ጋዙን ለቀቅኩት።»

«ማን አስተማረህ?»

«ዘጠኝ ሰኞ ጆሮሽን ስታስጠጊ እኮ ቆሜ ነበር የማየው» አለ ኒክሻ።

የሞተሩን ዘንግ በእጇ ይዛ ዞር አደረገችው። በልስላሴ ዞረ። ቢየላው ደህና ነው። እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ አማራት፤ ግን ሥራ አልጨረሰችም። «ዞር በሉ» አለች። ሰው ሁሉ ዞር አለ፣ ኒክሻና እናቱ ብቻ ቀሩ። ሞተሪኖውን ስትነካው ውሃው በሁለቱ ቀዳዳዎች ተፈናጥሮ የኒክሻን ፊትና የሾራ ዶሎሬስን የሐር ጫማ አጠበ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሾራ ዶሎሬስ ግን ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ኒክሻ ቀደማቸው።

«እማማ፣ ስምንት ጊዜ ያሰጠምኩት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ። ጋራዡ ጥፋት የለበትም።»

«ምን አልክ? ለምን?»

ኒክሻ ባርባ ሽፒሮን አየ። እንደ ሰኞው ቀላ። ዛሬ ግን አፉን አልዘጋም። «ቶንካን ለማየት።»

 ባለሱቋ «ብሎን ነው አላለችኝም?» ስትል ተሰማች፣ ከዚያ ሳቁ እንደ ማዕበል መጣ። ቶንካ ተነሳች፤ እጇ በዘይት ጠቁሯል።

«የዛሬው ግን የኔ ጥፋት ነው፣ ሾራ ዶሎሬስ» አለች። «ሰኞ በንዴት ቀለበቱን ሳላጠብቅ ነው የሰጠሁት። ልጅዎ አደጋ ላይ የወደቀው በኔ ነው። አባቴ የሉበትም። መፍረድ ካለብዎት በኔ ይፍረዱ።»

ሴትዮዋ ከልጃቸው ወደ ልጅቷ፣ ከልጅቷ ወደ ተበላሸው ጫማቸው አዩ። «ስምንት ጊዜ» አሉ፣ መቁጠር እንደከበደው ሰው። «ሰላም ለማለት ሞተር የሚያሰጥም ልጅ ወለድኩ ማለት ነው?»

ባርባ ሽፒሮ ደብዳቤውን ከነጭ ሸሚዛቸው ኪስ አወጡት። ሊቀድዱት አልነበረም፤ ሊመልሱት እንጂ። «ሾራ ዶሎሬስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህን ደብዳቤ ሲጽፉ ነፋሱ ምን ነበር?»

ሁሉም ገባው። ሾራ ዶሎሬስም ገባቸው። ኩሩ ሴት ናቸው፣ መመለስ አይወዱም፤ ግን እሳቸውም የዚያው ዳርቻ ልጅ ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አራት ላይ አጠፉት።

«ዩጎ ነበር» አሉ።

«እንግዲያውስ አልተጻፈም» አሉ ባርባ ሽፒሮ። ከዚያ፣ ዘጠኝ ሰኞ ያልመለሱትን አሁን መልሰው፣ ለኒክሻ «እንደምን ዋልክ፣ ልጄ» አሉት።

ባንዱ እንደገና ጀመረ፣ ሰዉም ወደ ሰርዲኑ ተመለሰ። ቶንካ በሁለቱ ቀዳዳዎች ዘይት ጠብ አድርጋ ካንዴላዎቹን ገጠመች፣ የቀለበቱንም ብሎን እስኪበቃው አጠበቀችው። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፣ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ፣ ከዚያ ተነሳ። ጆሮዋን አስጠጋች። ኒክሻም ከወዲያኛው ጎን ተንበርክኮ ጆሮውን አስጠጋ። በመካከላቸው ያለው አንድ ሞተር ብቻ ነበር፣ እሱም በደህና እየሠራ።

«ቶንካ» አለ። «አሁን የሚነፍሰው ምንድን ነው?»

«ቡራ።»

«ሰኞ ያልሽኝን እንግዲህ በቡራ ድገሚልኝ። በቡራ ያልሽውን እቀበላለሁ፤ አትምጣ ካልሽ አልመጣም።»

ሞተሩን አጠፋችው። ዓይኑን አየችው፤ ዛሬ ጆሮዋን ሳይሆን ፊቷን እየጠበቀ ነበር። ልቧ ሙሉ ነበር፣ ድምፅዋም አልተንቀጠቀጠም።

«ሰኞ ና» አለችው። «ሞተሩን ግን ቤት ተወው።»